የወንድሜ የባምላኩ የጭን አጥንት

ወንድሜ ባምላኩ ረጅም ነበር። ለወግ ያህል አይደለም ረጅም የምለው፤ የአባታችንን ቤት ደጃፍ ጎንበስ ሳይል የገባበትን ቀን አላስታውስም። እኔ ደግሞ አጭር ነኝ። ከአንድ ማሕፀን እንዴት እንዲህ ሆነን እንደወጣን መንደሩ ሲስቅብን ኖሯል፤ እናታችን ራሷ «ጨርቁን በትልቁ ላይ ጨርሼው ነው» እያለች አብራ ትስቅ ነበር። እኔ ቡሬ ወርጄ የበቆሎ ነጋዴ ሆንኩ። እሱ ከገበዝ ማርያም ማዶ፣ ተወልደን ባደግንባት መንደር፣ ገብስና ድንች እያመረተ ቀረ። በሕይወት ሳለ ታላቄ ነውና «አንቱ» ስለው ኖሬያለሁ። እዚህ ግን «እሱ» እያልኩ እጽፋለሁ፤ አንቱታው አሁን ያርቅብኛል።

በመንደራችን ሰው ሲታመም ወይም ሴት ምጥ ሲጠናባት ወደ ሐኪም የሚኬደው በቃሬዛ ነው። መንግሥት ለወረዳው አምቡላንስ ከሰጠ በኋላም ቢሆን መኪናው ከወንዙ ማዶ ካለው ጥርጊያ መንገድ አያልፍም፤ በክረምትማ እዚያም ከደረሰ ተመስገን ነው። ስለዚህ ጡሩንባ ሲነፋ አቅም ያለው ወንድ ሁሉ ሥራውን ጥሎ ይወጣል። ቃሬዛው ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና በጠፍር ተያይዞ የተሠራ ነው። አራት ሰው በትከሻው ይይዘዋል፤ የቀረው እየተከተለ ይቀባበላል።

አያያዙ ታዲያ ወግ አለው። ከመንደሩ ወደ ወንዙ የሚወርደው መንገድ ገደል ቢባል ያስኬዳል። ቁልቁለቱ ላይ ረጃጅሞቹ ከፊት፣ አጫጭሮቹ ከኋላ ይሆናሉ፤ አለዚያ ቃሬዛው ያዘቀዝቅና በሽተኛው በእግሩ በኩል ተንሸራቶ ይሄዳል። ወንዙ ማዶ ዳገቱ ሲጀምር ቦታ ይለዋወጣሉ። ባምላኩ ጢሙ ካበቀለበት ጊዜ አንስቶ የቁልቁለቱ ፊተኛ ነበር፤ ያውም ገደሉ ባለበት በግራ በኩል። አንገቱን ሳያዞር ከላይ ያለውን በሽተኛ ያጫውታል፤ «እንቁላል ነው የያዝነው ቀስ በሉ» ይላል፤ ምጥ ለያዛት ሴት ደግሞ «ወንድ ከሆነ በኔ ስም ነው የምትጠሩት፣ የትከሻ ዋጋ ነው» እያለ ያስቃታል። ያቺን ቦታ ሌላ ሰው ቀድሞ ከያዘበት ያኮርፍ ነበር። እልኸኛ ነው። የአገሩ ሴት ግማሿ በሱ ትከሻ ወርዳ ነው የወለደችው ቢባል ብዙም አልተጋነነ።

ስለ ባምላኩ ሌላ ማወቅ ያለባችሁ ነገር የመሬቱ ዕጣ ነው። በሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት መሬት ሲሸጋሸግ፣ ለሱና ለጎረቤቱ ለእንዳለው ሁለት ቁራጭ መሬት ቀረላቸው። አንዱ ከወንዙ አጠገብ ያለ ጥቁር አፈር ነው፤ ሌላው ፍየል የሚፈራው ድንጋያማ ተረተር። ሊቀ መንበሩ ሁለት ወረቀት ጠቅልሎ ባርኔጣው ውስጥ ጣለ። እንዳለው ቀድሞ እጁን ሰደደና ድንጋዩን አወጣ። ለባምላኩ የቀረው ጥቁሩ አፈር ነበር። ማንም ማንንም አልበደለም፤ እንዳለውም አንድ ቀን አማርሮ አያውቅም። ወንድሜ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ እርሻው ሲያምርለት ደስታው ግማሽ ሆነ። «እኔ ያገኘሁት እኮ እሱ ያጣውን ነው» ይለኛል። ለአንዱ የደረሰው ከሌላው የጎደለ ነው የሚለው ነገር አእምሮው ውስጥ ገብቶ ሥር ሰደደ። እኔ ሸቀጥ የምሸጥ ሰው ነኝና እንዲህ ባስብ ኖሮ ሱቄን በዘጋሁት ነበር፤ እሱ ግን እንዲህ ነበር።

ሁለት ሺህ ስምንት ሲገባ ቀኝ ጭኑን ያመው ጀመር። መጀመሪያ ወጌሻ ዘንድ ሄዶ በቅቤ ታሸ፤ ወጌሻው ቁርጥማት ነው አለው። ሕመሙ ግን ባሰበት እንጂ አልተወውም። በመጨረሻ ልጁ ያምሮት ተቆጥታ ባሕር ዳር አስመጣችው፤ እኔም ከቡሬ ሄድኩላቸው።

ያምሮት ብቸኛ ልጁ ናት። ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ በኮምፒዩተር ሁለተኛ ዲግሪዋን እየሠራች ነበር። ሥራዋ ምን እንደሆነ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ቁጭ ብለን አስረዳችኝ። ሲቲ ስካን የሚባለው ማሽን ሰውን እንደ ድንች በስሱ እየከተፈ ፎቶ ያነሣል። እሷ የብዙ በሽተኞችን የጭን አጥንት ፎቶ ሰብስባ ለኮምፒዩተር ታስተምረዋለች፤ የሰው ጭን አጥንት እንዴት እንደሚጎብጥ፣ የት ላይ እንደሚወፍር፣ የት ላይ እንደሚሳሳ፣ ከሰው ሰው ምን ያህል እንደሚለያይ። ከዚያ አዲስ አጥንት ሲመጣለት ከተማራቸው ጋር ያስተያይና የመሰበር ዕድሉን ይናገራል።

«ታዲያ አረጋግጦ ነው የሚናገረው?» አልኳት።

«አያረጋግጥም አጎቴ። ይገምታል። ግምቱ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችልም አብሮ ይናገራል።»

ይኼን ወደድኩለት፤ የቡሬ ገበያ ላይ እንዲህ ብሎ የሚናገር ሰው አላጋጠመኝም።

ባምላኩም በማሽኑ ፎቶ ተነሣ። ሐኪሙ ፎቶውን አይቶ ከዳሌው ዝቅ ብሎ አጥንቱን ከውስጥ የሚበላ እጢ አለ አለን። ክፉ ዓይነት አይደለም፣ ጠርገን ብረት እናስገባለን፣ ነገር ግን ወረፋው ብዙ ስለሆነ ቀጠሮው ለጥቅምት ነው አለ። እስከዚያ ድረስ በከዘራ መሄድ፤ ሸክም የሚባል ነገር በዓይኑም እንዳያይ። ጥቅምት ድረስ ያ አጥንት ከቆየ ወንድሜ ይድናል፤ ካልቆየ ምን እንደሚመጣ አይታወቅም። ነገሩ ይኸው ነበር።

ያምሮት በሐኪሙ ፈቃድ ፎቶውን ወስዳ በራሷ ኮምፒዩተር አስገባችው። አባቷን አጠገቧ አስቀምጣ አሳየችው። አጥንቱ ብቻውን፣ ሥጋ የለው ቆዳ የለው፣ የኮምፒዩተሩ መስታወት ላይ ቆሞ ይዞራል። ካሏት አጥንቶች ሁሉ ይኼን የሚያህል ርዝመት እንዳላየች ስትነግረው ፈገግ አለ። ጠቁማ ያሳየችው ቦታ ላይ ግን ነቀዝ የበላው እንጨት ይመስል ነበር።

«የኔ ነው?» አላት።

«የአንቱ ነው አባ። እንግዲህ ኮምፒዩተሩ እንዲህ ይላል፤ የአንቱን የመሰለ አጥንት ያላቸው መቶ ሰዎች ቢኖሩ፣ ከባድ ነገር ሳይሸከሙ እንኳ ዓመት ሳይሞላ ሰባው ይሰበራሉ። ከተሸከሙማ አይጠየቅም።»

ባምላኩ ትንሽ አሰበና፣ «የማን ልጆች ናቸው?» አለ።

«እነማን?»

«መቶዎቹ።»

ልጅቱ ዞር ብላ አየችኝ። «አባ፣ በሐሳብ ነው። ከብዙ ሰው አጥንት ነው የተማረው። የነሱም ስም አይታወቅም፤ ተሰርዞ ነው የሚሰጠን።»

«ስማቸው የማይታወቅ ሰዎች» አለና ራሱን ነቀነቀ። «ሰባዎቹ ያሳዝናሉ።»

እኔ ሳቅሁ። ያምሮት አልሳቀችም።

መንደር ከተመለሰ በኋላ የሐኪሙን ቃል ጠበቀ፤ ይኼን ልመስክርለት። ጡሩንባ ሲነፋ ከዘራውን ይዞ አጥሩ ጥግ ይቆማል፤ ሰዎቹ በሽተኛ ይዘው በደጁ ሲያልፉ ቆቡን ያወልቃል። ሚስቱ እማዋይሽ እንደነገረችኝ፣ ካለፉ በኋላ ቤት ገብቶ ምግብ አይቀምስም ነበር። ያምሮት በየሰንበቱ ትደውላለች፤ ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ «ተሸከሙ?» ትለዋለች፤ «አልተሸከምኩም» ይላታል። በቦታው ክንፈሚካኤል የሚባል ሌላ ረጅም ጎልማሳ ፊተኛ ሆነ። ባምላኩ «ያ ልጅ እርምጃው ይሰፋል፣ በሽተኛ ያናውጣል» እያለ ያማው ነበር።

ለፍልሰታ ፍቺ እሱ ዘንድ ሄድኩ። በዚያ ክረምት ከተሞቹ ታምሰው ነበር፤ መንገዱ አንድ ቀን ይዘጋል አንድ ቀን ይከፈታል። ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ለመድረስ እንኳ ሾፌር ለምኜ ነው። ደረስኩና ከሰዓት በኋላ ደጁ ላይ ቁጭ ብለን ሳለ፣

«ወንዳወቅ፣ የሰባዎቹ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ» አለኝ።

«የትኞቹ ሰባዎች?»

«ልጅቱ የነገረችን ናቸዋ። ከመቶው ሰባው መሰበሩ ካልቀረ፣ እኔ ተሸሽጌ ስቀመጥ በኔ ቦታ አንዱ ይገባል ማለት ነው። ያን ጊዜ እንዳለው በኔ ፈንታ ድንጋዩን እንዳወጣው።»

ደሜ ፈላ። «አያ፣ ይኼ የመሬት ዕጣ አይደለም! ባርኔጣ የለ፣ ጥቅል ወረቀት የለ። አንቱ ቢድኑ በአንቱ ምክንያት የሚሰበር የለም።»

«እንዲያ ከሆነ እንግዲህ ሰባ አይሞሉማ» አለኝ ረጋ ብሎ።

 የሱን ሒሳብ ማፍረስ አቃተኝ። ስልክ አውጥቼ ለያምሮት ደወልኩና አገናኘኋቸው። ድምፅዋ ይሰማኛል፤ «አባ፣ ሰባ መሞላት ያለበት ጉድጓድ አይደለም። አንቱ ካረፉ ለአንቱ ይሻላል፣ ማንንም አይጎዳም፤ የሚተካዎ ሰው የለም» ትለዋለች። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያለችው። እሱ «እሺ ልጄ» አለ። የአገራችንን ሽማግሌ «እሺ» የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ክርክሩ ይብቃ ማለት ነው እንጂ ተስማማሁ ማለት አይደለም።

በማግስቱ ጧት ጡሩንባ ተነፋ። የእንዳለው ልጅ ሠርክአዲስ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ምጥ ላይ ኖራለች፤ አዋላጇ ተስፋ ቆርጣለች። ለወረዳው ተደውሎ አምቡላንሱ ወንዙ ማዶ እንደሚጠብቅ ቃል ተሰጥቷል። ግን ሰው የለም። ጎልማሶቹ ለሰሊጥ አረም ሁመራ ወርደዋል፤ ክንፈሚካኤልም አብሯቸው ሄዷል። የተገኘነው ሽማግሌዎችና እንደኔ ያለን ድንክዬዎች ነን። እኔ ቡሬ ውስጥ ጆንያ የሚያሸክም እንጂ የሚሸከም አልነበርኩም፤ ቢሆንም ኋላውን ያዝኩ። ቁልቁለት ላይ የኔ ቦታ ሁልጊዜ ኋላ ነው።

ከመንደሩ እንደወጣን ነገሩ ተበላሸ። ከፊት ያሉት ሁለቱም አጭር ናቸው፤ ቃሬዛው አዘቀዘቀ። ሠርክአዲስ ተንሸራትታ እግሯ የፊተኛውን ጀርባ ረገጠ፤ ጩኸቷ ያንን ሁሉ ገደል ሞላው። በነጠላ አሰርናት፤ ሆዷ ላይ ጠበቀባትና ይብስ ጮኸች። ፈታናት። ጭቃው ላይ አስቀመጥናትና ተያየን። እንዳለው ከልጁ ራስጌ ተንበርክኮ ስሟን ብቻ ይጠራል።

ያን ጊዜ ባምላኩ ከዘራውን እየተመረኮዘ መጣ። ሲመጣ ሳየው ገባኝ። ለእንዳለውም ገብቶት ኖሮ ብድግ አለና መንገዱ ላይ ቆመበት።

«ባምላኩ፣ ተው! ልጅህ ያለችህን አገር ሰምቷል። ተመለስ!»

«ያንተ ልጅስ?» አለው ባምላኩ።

እንዳለው ወደ ልጁ ዞረ። ባምላኩ ከዘራውን ተከትላው ለመጣችው ለእማዋይሽ ሰጣትና ጎንበስ ብሎ ከፊት የግራውን አጣና ትከሻው ላይ አደረገ። እኔ ከኋላ ሆኜ «አያ ይልቀቁ! በእመ ብርሃን ይልቀቁ!» እያልኩ እጮህ ነበር። አልሰማኝም አልልም። ሰምቶኛል።

ቃሬዛው ተስተካከለ። ልጅቱ መንሸራተቷን ተወች። ወረድን። መንገዱን ሁሉ የማየው የሱን ማጅራት ነው፤ እንደ ድሮው አንገቱን ሳያዞር «አይዞሽ የኔ እናት፣ እንቁላል ነው የያዝነው» ይላታል። ቀኝ እግሩን ሲያሳርፍ ብቻ ቃሉ ትንሽ ይቆረጣል። ትንሽ ብቻ። ያምሮት ተሳስታ ይሆን እንዴ ብዬ ተስፋ ማድረግ ጀምሬ ነበር።

ወንዙ ከታየን በኋላ፣ ድንጋዩ ደረጃ የሠራበት ቦታ ላይ ቀኝ እግሩን ወደ ታች ሰደደ። ድምፁን ሰማሁት። ደረቅ የበቆሎ አገዳ በጉልበት ሲሰበር እንዲያ ይላል፤ እኔ አገዳ አውቃለሁ። ቃሬዛው ወደ ግራ ዘመም አለና ቆመ። ባምላኩ በግራ ጉልበቱ ወድቋል፤ ቀኝ እግሩ እግር ወደማይሄድበት ዞሯል፤ አጣናው ግን ትከሻው ላይ ነው፣ በሁለት እጁ ይዞታል። አልጮኸም። «ያዙልኝ» ብቻ አለ። እንዳለው ዘሎ ገባና አጣናውን ተቀበለው። ያኔ ነው የለቀቀው፤ ያኔ ነው የጮኸውም።

ቃሬዛው አንድ ነው። ሁለት ሰው አይይዝም። ባምላኩ ጭቃው ላይ ተጋድሞ «ምን ታያላችሁ፣ ሂዱ እንጂ!» ብሎ ተቆጣን። እኔን ደግሞ ለይቶ «አንተም ሂድ፣ ሰው አይበቃም» አለኝ። ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ አጭር ስለሆነ በወገባችን ይዘን አደረስናት፤ ወንዙን አሻግረን ለአምቡላንሱ ሰጠናት። ስንመለስ ዝናብ እየጣለ ነው። እማዋይሽ ነጠላዋን በላዩ ዘርግታ፣ ራሱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

ስናነሣው እግሩ ከቃሬዛው አልፎ ተንጠለጠለ። ያ ስንቱን ሰው ያወረደ ቃሬዛ ለሱ አልበቃም። ወደ ወንዙ ስናወርደው፣ «ለካ ከዚህ ላይ ሰማይ ብቻ ነው የሚታየው» አለ። «ይኼን ሁሉ ዘመን ሳጫውታቸው መንገዱ የሚታያቸው ይመስለኝ ነበር።»

በተመለሰው አምቡላንስ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ገባ። ሠርክአዲስ ተርፋለች፤ ልጇ ግን ሞቶ ተወለደ። ወንድሜ ሲጠይቀኝ አልዋሸሁትም። ዓይኑን ጨፈነና «እንዳለው ልጁን አላጣም በለኛ» አለ። ያምሮት መንገድ ተዘግቶባት ግማሹን በእግሯ፣ ግማሹን በሰው ጭነት መኪና መጣች። ጫማዋ ጭቃ ነው። አልጋው አጠገብ መጥታ አልወቀሰችውም። እጁን ብቻ ይዛ ቆመች። እስኪ አንዴ እንኳ ብትቆጣው ብዬ ተመኘሁ፤ እኔ ልቆጣው እየፈለግሁ ስላልቻልኩ።

«ያምሮት፣ ከሰባዎቹ ሆንኩ አይደል?» አላት።

«ሆኑ አባ።»

«እንግዲህ አንድ ሰው ዳነ» አለና ፊቱ ፈካ።

አላረመችውም። «አዎ አባ» አለችው። ያንን ሁሉ ዓመት የተማረችውን ትምህርት ነው በዚያች ቃል የካደችው፤ እኔም በሷ ቦታ ብሆን እክድ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጧት ትንፋሽ አጠረው። ሐኪሙ ከተሰበረው አጥንት የወጣ ቅባት ሳንባው ገብቶ ነው አለን። ኮምፒዩተሩ ስለ መሰበር ነው የተናገረው፤ ስለዚህኛው ግን አልነገረንም። እኩለ ቀን ሳይሆን አረፈ። መንደር ስናስገባው ዳገቱን እንዳለው አላስቀይር ብሎ ከወንዝ እስከ ቤተ ክርስቲያን ተሸከመው። ሌላ ሰው ሊቀበለው ሲል ክንዱን ያወናጭፍ ነበር፤ እያለቀሰ።

ተበሳጭቼ ቆየሁ። በልማዱ ተበሳጨሁ፣ በሱ እልህ ተበሳጨሁ፣ በዚያ ሰባ በሚባል ቁጥርም ተበሳጨሁ። ቁጥሩን አምኖ ነው የሄደው ወይስ ፊተኛ ስለጠፋ? ሁለቱም ይመስለኛል። ቁጥር ባይነገረው ኖሮም ያቺን ልጅ ጭቃ ላይ ትቶ የሚመለስ ሰው አልነበረም። ቢሆንም ናፍቆኛል፤ ቡሬ ውስጥ ረጅም ሰው በሩቅ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል።

ዓመት ካለፈ በኋላ ለራሴ ሕመም ባሕር ዳር ሄድኩ። ያምሮት እዚያው ሆስፒታል ከሐኪሞቹ ጋር ትሠራ ነበር። እናቷን አስፈቅዳ የአባቷን አጥንት ኮምፒዩተሩ ከሚማርባቸው ጋር እንደጨመረችው የዚያን ቀን ነው የነገረችኝ፤ ስሙን ሰርዛ፣ ተሰበረ ብላ። እኔ በር ላይ ቆሜ ስጠብቃት፣ ከቆጋ የመጣ አንድ የሽንኩርት ገበሬ ከሚስቱ ጋር ፊቷ ተቀምጧል። የሱም ጭን ነው። «የአንተን የመሰለ አጥንት ካላቸው መቶ ሰዎች አርባው ይሰበራሉ» አለችው። ሰውየው ግራ ገብቶት ሚስቱን አየ፤ መስታወቱን አየ።

«እኒህ መቶ ሰዎች እነማን ናቸው?» አላት።

 ያምሮት ጠረጴዛው ላይ የነበረ እጇን አንሥታ ጉልበቷ ላይ አደረገችው።

«የሌሎቹን ስም አላውቅም» አለችው። «አንዱ አባቴ ነው። ረጅም ሰው ነበር።»